የነገረ ፈጁ ጋቢ

የብል መድኃኒት ሽታ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም አልወደውም። ሰሞኑን ግን ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ እትየ ጥሩነሽ ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ያ ሽታ ወጣና ስንትና ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ጥርግ አለ። ከሽታው ቀጥሎ ጋቢው ወጣ። ጋቢውን ሳየው፣ ከሞተ ዓመት የሞላው ባሏ ቢያድግልኝ እንደ ልማዱ ሳሎኑ መካከል ቆሞ የሚናገር መሰለኝ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ደስ አላለኝም። በሕይወት ሳለ የሰማሁት ይበቃኛል፤ ከሞተ በኋላ እንኳ ትንሽ ዝም ይላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ለማያውቁት ልንገራቸው። ቢያድግልኝ በአገራችን በጎንደር በኩል ነገረ ፈጅ ነበር። ዛሬ ልጆቹ «ኦሬኽ ዲን» የሚሉት፣ ጠበቃ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሱ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ምላሱን ብቻ ይዞ መነሳቱ ነው። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከገባን በኋላም ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድምና ወንድም ሲኳረፉ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ጋር መነጋገር ሲያስፈልግ፣ ፊት ቀድሞ አፉን የሚከፍተው እሱ ነበር። እኔ ተገኘ እባላለሁ፤ የዚያው መንደር ሰው፣ የእሱ እኩያ፣ ሸማኔ። አንቱ ብዬው አላውቅም፤ እሱም አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ዕድሜ ልኬን ቀንቼበታለሁ። ሌላው ሰው ቅናቱን በሌላ ስም ይጠራዋል፤ «ቅር ብሎኝ ነው»፣ «ነገሩ ከንክኖኝ ነው» ይላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ ነው የምሸፍነው? ቀንቼበታለሁ፤ አሁንም እቀናበታለሁ።

ወጣት ሳለን የወረዳው ከተማ ለእኛ የዓለም መጨረሻ ነበረች። ከገበያው ወደ ፍርድ ቤቱ የምትወስደውን መንገድ እስከ ዛሬ እግሬ ያውቃታል። ጥጉ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተደግፈው ይጽፋሉ። አጠገባቸው አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ሲያንቀጫቅጭ ይውላል። ፊት ለፊት ካለችው ጠጅ ቤት የባትሪ ራዲዮ ይሰማል፤ ክራር ሲመታ መንገደኛው ሁሉ እግሩን ያዝ ያደርጋል። በስሙኒ ሻይ ከነዳቦው ይገኝ ነበር፤ በብር ደግሞ ሰው ጋብዘህ ትኮራ ነበር። የባለርስት ልጆች ካኪ ኮት ከባት ተሁለት ሱሪ ጋር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በቅቤ ሳይሆን በሽቶ ቅባት አብለጭልጨው ያልፋሉ። እኛ ጎማ ጫማ አድርገን ጥግ ጥጉን እንሄዳለን። ቢያድግልኝ ግን ያኔም፣ ምንም ሳይኖረው፣ በመንገዱ መካከል ነበር የሚሄደው። ይህ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። መንገዱን ማን እንደሰጠው አላውቅም።

ወደ ቤቴ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ መወርወሪያዬን ስወረውር በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ተገኘ፣ ጋቢ ሥራልኝ። ዳኛ ፊት የምቆምበት። ከበድ ይበል፤ ሳደገድግ ተወገቤ የማይንሸራተት ይሁን።»

«ሚስት የለህ፣ ላም የለህ፣ ጋቢ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ሁሉም ተጋቢው በኋላ ይመጣል» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ክረምቱን በሙሉ ሠራሁለት። ሌላው ሸማኔ ጋቢ ሲሠራ አንዱን ረጅም ጨርቅ አጣጥፎ ይሰፋዋል። እኔ እንደዚያ አልወድም። ሁለት ኩታ ለየብቻው ጨርሼ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ ጠርዙን ዙሪያውን በእጄ ነው የምሰፋው። ሥራው እጥፍ ነው፤ ግን አይጨማደድም፣ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ያምራል። ቢያድግልኝ ቀጭን ቀይ ጥለት ብቻ ነበር ያዘዘኝ። ለላይኛው ኩታ ያን ጣልኩለት። ለውስጠኛው ኩታ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ፣ ከሱዳን ነጋዴ የገዛሁት ሰማያዊና ቢጫ ክር ስለነበረኝ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ጥለት ጣልኩበት። ከዚያ ጥለቱን ወደ ውስጥ አዙሬ ደረብኩትና ሰፋሁት። ማን ያየዋል? ማንም አያየውም። ለእሱ የሚታየውን ሰጠሁት፤ የማይታየውን ለራሴ አስቀረሁ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።

በዚያ ጋቢ የመጀመሪያ ትልቅ ሙግቱን ሲቆም እኔም ልሰማ ሄጄ ነበር። ነገሩ የሁለት ባለርስት ዘመዳሞች የመሬት ክስ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ርስት አልነበረንም፤ በሰው መሬት ላይ እያረስን፣ እየሸመንን፣ ብረት እየቀጠቀጥን ነበር የምንኖረው። ቢያድግልኝ ለራሱ ጎጆ የቆመችበት መሬት እንኳ የሌለው ሰው፣ ለሰው ርስት ሊከራከር ዘንግ ይዞ ተነሳ። ጋቢውን አደገደገ። አልተንሸራተተበትም፤ ይኸን የምለው እኔ ነኝ። «ተጠየቅ!» ሲል የተሰበሰበው ሰው ጸጥ አለ። ተከሳሹ «ልጠየቅ!» አለ። ቢያድግልኝም ዘንጉን መሬት ላይ መታ አድርጎ፣ «መሬት ትመስክር የበላችውን ዘር፣ ውሃ ይመስክር የሄደበትን ዳር!» ብሎ ጀመረ። ይኸን ማለት እኔም አያቅተኝም ነበር። ቤቴ ገብቼ ሞክሬዋለሁ፤ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ምን ሆንክ፣ አሞሃል?» አለችኝ።

ረታ። ከግቢው ሲወጣ ሰው ከበበው። አንድ ሽበታም ባለርስት ከበቅሎው ወርዶ፣ ምላሱን አድንቆ ሲያበቃ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ አሸት አሸት አደረገና፣ «እንዲህ ያለ ጋቢ ተየት አገኘህ?» አለው። እኔ እዚያው ነኝ፤ ከቢያድግልኝ ክንድ አጠገብ። ፊቴን አስተካከልኩ። ሰላምታ ልሰጥ ጎንበስ ልል ተዘጋጀሁ። ቢያድግልኝ፣ «ተዚሁ ታገራችን ነው፣ ጌታየ» አለና ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠለ። አየኝም እኮ! ዐይን ለዐይን ተያይተናል። በክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አስቦኝ ነው እል ነበር። ስሜን መጥራት ጨርሶ ትዝ አላለውም። ተነስቼ ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላማ አለቀ። በዚያው ጋቢ ጥሩነሽን አጨ፤ ቤተሰቦቿ መጀመሪያ ያዩት ጋቢውን ነው ይባላል። በዚያው ጋቢ መንግሥት ተለወጠ፤ መሬት ላራሹ ታወጀና የርስት ክርክር ቀረ። ተንፈስ አልኩ፤ እንግዲህ ምን ላይ ሊናገር ነው? ብዬ። እሱ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ላይ ቆሞ ተናገረ። ቆይቶ አዲስ አበባ ወርደን እስራኤል ለመግባት በኤምባሲው ግቢ ስንጠብቅ፣ ሰው በብርድና በረሃብ ሲንገላታ፣ የውጭ አገር ሰዎቹ ፊት ቆሞ በአስተርጓሚ ተናገረ። አስተርጓሚው መሀል ላይ ደክሞት ዝም ብሎ ያዳምጠው ነበር። ሚስቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሽንኩርት ዋጋ ላስቀንስ ስከራከር፣ «እንደ አያ ቢያድግልኝ ተናገር እንጂ!» ማለት ለመደባት። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ላይ! ወንበሩ በተነቀለው አውሮፕላን ወለል ላይ ተጨናንቀን ስንመጣም የተቀመጥኩት ከጀርባው ነበር። ሌላው ሰው ያለቅሳል፣ ይጸልያል፤ እኔ እስክንወርድ ድረስ ዐይኔ ከጋቢው ስፌት ላይ አልተነሳም። አንድም ቦታ አልተተረተረም።

አሽዶድ ስንገባ ሮቫ ጊሜል ዛሬ እንደሚታየው አልነበረም፤ ወይም እኔ ዛሬ እንደምታዩኝ አልነበርኩም። ከማኮሌቱ፣ ከትንሿ ሱቅ ማለት ነው፣ ፊት ለፊት ሾላ የሚመስል ትልቅ ዛፍ አለ፤ ሥሩ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ከባሕሩ በኩል ጨው ጨው የሚል ነፋስ ይነፍሳል። በሳንቲም ምትክ በመሀሉ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት የሚበላ ስልክ ነበር፤ ወረፋው ረጅም ነው። የሱፍ ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡልን ነበር፤ ቅርፊቱን ስንተፋ የምንውለው እዚያ ነው። ወጣቶቹ ከአገር ቤት የመጣ ካሴት እየተዋዋሱ፣ ክሩ ሲወጣባቸው በእርሳስ እየጠቀለሉ ይሰሙ ነበር። ቢያድግልኝ የሚቀመጠው ከአግዳሚው መካከል ነው። ማንም ተነሥ አይለው፣ ማንም እዚያ አይቀመጥ። እኔ ፋብሪካ ገብቼ ካርቶን ሳሽግ ውዬ ስመጣ ከጫፍ ትንሽ ቦታ ትቆየኛለች። ሽመና ድሮ ቀርቷል፤ እዚህ ማን ጋቢ ያሠራል? የእሱ ሥራ ግን ባሕር ተሻግሮ ተከትሎት መጣ። አፍ ያለው ሰው ሥራ አይፈታም።

አንዴ የእህቴ ልጅ ከባሏ ጋር ክፉኛ ተጣላች። አጎቷ እኔ ነኝና ስንት ወር ተመላለስኩ፤ መከርኩ፣ ቆጣሁ፣ ለመንኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ተያዘ። በቀጠሮው ቀን ቢያድግልኝ ማንም ሳይጠራው ጋቢውን ለብሶ ከተፍ አለ። ባልየው ከኮሪደሩ በዚያ ጫፍ፣ ሚስቲቱ በዚህ ጫፍ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል። ሁለቱንም አስነሳና አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ የባልየውን የጃኬት ጫፍና የእህቴን ልጅ የነጠላ ጫፍ አንድ ላይ ይዞ ቋጠረው። ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ቁራኛ! በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው የሚሄዱበት ሥርዓት። እኛ እንኳ ሲወራ ነው የሰማነው። እሱ አሽዶድ ላይ፣ የመጠጥ ማሽን በቆመበት ኮሪደር ውስጥ አመጣው።

ጥበቃው ሮጦ መጣ። «ማ ዜ? ምንድን ነው ይኼ?» እያለ በዕብራይስጥ ጮኸ።

«ሕግ ነው በይው» አለ ቢያድግልኝ ለእህቴ ልጅ፤ «ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ መፈታት የለም በይው።»

ልትተረጉምለት ጀመረችና ሳቋ አመለጣት። ባሏ ውሃ ጠምቶት ነበር፤ ሊቀዳ ሲነሳ እሷም ተጎትታ ተነሳች፤ እሱም ሳቀ። እኔ ጥግ ቆሜ ጥበቃው ቢያድግልኝን ክንዱን ይዞ እንዲያስወጣው እየጸለይኩ ነበር። ጥበቃው ግን ቋጠሮውን ሲያይ ቆየና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ተራቸው ሲደርስ እንደታሰሩ ገቡ፤ ቀጠሮ ይለወጥልን ብለው ወጡ፤ በአንድ አውቶቡስ ቤታቸው ገቡ። እንደኔ እንደኔ ብቻቸውንም ይታረቁ ነበር፤ ነገሩ በስሎ ነበር፣ ያበሰልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ ለቢያድግልኝ ሮማንና ማር ይዘው ይሄዳሉ። ለእኔ ስልክ ይደውላሉ።

አምና ሞተ። ለቅሶው መንገድ ዘጋ፤ ከየከተማው በአውቶቡስ መጡ፤ ቄሶቹ ሳይቀሩ ስለ እሱ ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰበር ነበር። ሰውየው የተወው ንብረት ግን ይኸ ነው የሚባል አይደለም። ቤቱ የመንግሥት ነው። አንድ ራዲዮ፣ አንድ የወይራ ዘንግ፣ አንድ ባርኔጣ፣ ጋቢው። ለስንቱ ርስት ያስመለሰ ሰው አንድ ጋት መሬት ሳይዝ ኖሮ፣ ከመቃብሩ በስተቀር አንድ ጋት ሳይዝ ሄደ። ይህን ሳስብ ለአፍታ አዝንለታለሁ። ከዚያ ለቅሶው ላይ የነበረው ሰው ብዛት ትዝ ይለኝና ሐዘኑ ያልፍልኛል።

ልጆቹ በጋቢው ተጣሉ። ወንዱ ዮሲ ሮቫ ዩድ ዛይን፣ አዲሶቹ ፎቆች ውስጥ ይኖራል፤ ደህና ሥራ ያለው፣ ቁጥብ ሰው ነው። ጋቢውን በመስታወት ውስጥ አድርጎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ፈለገ። ሴቷ ገነት ከእናቷ ጥቂት መንገድ ርቃ ትኖራለች፤ አባቷን ያስታመመችው እሷ ናት። ልጇ ሊያገባ ነውና በሠርጉ ላይ ሙሽሮቹ የሚቆሙበት ሁፓ፣ የሠርግ ዳስ፣ ከአያቱ ጋቢ ይሁን አለች። ይኸን ያህል ቀላል ነገር ነው። ግን አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ፣ «አባየን ማን አጥቦት ነው?»፣ «ሆስፒታል ማን አመላልሶት ነው?» እየተባባሉ ከለቅሶው በኋላ ተኮራርፈው ቀሩ። ዮሲ እናቱ ቤት የሚመጣው እህቱ በሌለችበት ሰዓት ሆነ። ሠርጉ ሲቃረብ አጎት የሌለበት ሠርግ ሊሆን ነው ተባለ።

እትየ ጥሩነሽ ደወለችልኝ። «አያ ተገኘ» አለች፣ «ለሙት ዓመቱ ሁለቱንም ጠርቻለሁ። እሱ ቢኖር እሱ ነበር የሚናገራቸው። ተእንግዲህ ነገሩን አንቱ ይያዙልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ቤቴ ሮቫ ዳሌት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅሁ። ሰው ሞቶ መሳቅ ነውር ነው፤ ሳቅሁ። በመጨረሻ ከአግዳሚው መካከል ልቀመጥ ነው! መስታወት ፊት ቆሜ ንግግሬን ተለማመድኩ። «አባታችሁ» እያልኩ ሳይሆን «እኔ» እያልኩ ነው የተለማመድኩት። አዲስ ሸሚዝ ገዛሁ። በእሱ ወንበር ላይ አንዴ አምሮ የተናገረ ሰው ከዚያ ወዲያ በየነገሩ ይጠራል። ጋቢውን ማን እንደሠራውም ያኔ በንግግሬ መካከል እግረ መንገዴን ጣል አደርጋታለሁ ብዬ አሰብኩ። ቢያድግልኝ ያልተናገራትን ቃል ቤቱ ውስጥ ቆሜ፣ ሚስቱና ልጆቹ እየሰሙ፣ ራሴ ልናገራት።

ከመቃብር ተመልሰን ቄሱ ዳቦውን ባርኮ ከቀማመስን በኋላ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ዮሲ በመስኮቱ በኩል፣ ገነት በበሩ በኩል። እትየ ጥሩነሽ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጋቢውን አወጣችና ጭኔ ላይ አኖረችው። ያ ሽታ የወጣው ያኔ ነው። ተነሳሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ልጆቼ» አልኩ፣ «ሰላም ማለት…» ከዚያ ጠፋኝ። መስታወቱ ፊት የነበረው ሁሉ ጠፋኝ። ስለ ሰላም፣ ስለ ወንድምነት አንድ ሁለት ቃል ወረወርኩ፤ ሰዎቹ በትሕትና ያዩኛል። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻል ነበር። ዮሲ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ከኋላ አንዷ ሴትዮ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ «አይ አያ ቢያድግልኝ! ቢኖር» ስትል ሰማሁ። ፊቴ ጋለ። ተቀመጥኩ።

«አባ ተገኘ» አለች ገነት ቀስ ብላ፣ «ይተውት፣ አይድከሙ። የሱ ልብ ድንጋይ ነው።»

«የእኔ?» አለ ዮሲ። «አባየ የለበሰውን ነገር ወይን ሊደፉበት፣ ሊጨፍሩበት ነው! ዲ፣ ይበቃል! ወይ ለሁለት ቅደዱት በቃ!»

እትየ ጥሩነሽ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ የምሠራው ጠፍቶኝ ጋቢውን እያሸሁ ነበር፤ የሸማኔ እጅ ጨርቅ ላይ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። አውራ ጣቴ ጠርዙ ላይ ሲሄድ ስፌቴን አገኘሁት። ጥብቅ፣ እኩል፣ የዚያ ክረምት ስፌት።

«ምላጭ አምጡልኝ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ዮሲ ብድግ አለ። «ማ ፒቶም! ምን ነካዎት! አባ ተገኘ፣ እኔ በንዴት ነው ያልኩት፤ እንዳይቀዱት!»

«ተቀመጥ» አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም። ተቀመጠ።

ምላጩ መጣ። መነጽሬን አድርጌ ከጥጉ ጀመርኩ፤ አንዷን ክር በጠስ፣ ሳብ፤ አንዷን በጠስ፣ ሳብ። ዙሪያውን ፈትቼ ስጨርስ ተነሳሁና የላይኛውን ኩታ በግራ እጄ፣ የታችኛውን በቀኝ እጄ ይዤ ለያየኋቸው። ያ ሰማያዊና ቢጫ ጥለት ወጣ። ፀሐይ ሳያየው፣ ዝናብ ሳይነካው፣ እጅ ሳያሻሸው የኖረ ጥለት! የላይኛው ቀይ ገርጥቶ ሮዝ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የውስጠኛው ግን ትናንት ከእጄ እንደወጣ ነው። እኔም ረስቼው ነበር እንዴት እንደሚያምር።

ሁለት ሙሉ ኩታ ሆኑ፤ አንዱ ቢያድግልኝ ሲለብሰው ሰው ያየው፣ ለግድግዳ የሚሆን፤ አንዱ ለሠርግ የሚሆን። አንዱን ለዮሲ፣ አንዱን ለገነት ዘረጋሁላቸው። አሁን ነው አልኩ በልቤ። አሁን ማን ሠራው ብለው ይጠይቁኛል። አፌን ከፈትኩ።

«አባየ!» ብላ ጮኸች ገነት። «አባየ እኮ ነው! እዩት! ለሁለት ልጆቹ ሁለት አድርጎ፣ ጥለቱን ደብቆ! እንደምንጣላ አውቆ ነው!»

ዮሲ ኩታውን ፊቱ ላይ አደረገና አለቀሰ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰ ሰው፣ ትከሻው እየተነቃነቀ አለቀሰ። «ዝም ብሎ ጋቢ መስሎኝ…» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረን!» ገነት ከበር በኩል ተነስታ ሄዳ አቀፈችው። ሽማግሌዎቹ «ወይ ቢያድግልኝ! ወይ ነገር አዋቂ!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ ያችው ሴትዮ፣ «ሞቶም ያስታርቃል» አለች።

ያኔ እኮ ሚስት እንኳ አላገባም ነበር! የትኛውን ሁለት ልጅ አስቦ? ላም የሌለው፣ ቤት የሌለው ጎረምሳ ነበር! ይኸን ልናገር አፌ ላይ ደርሷል፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ገነት ከወንድሟ አንገት ላይ ፊቷን አንስታ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ «አባ ተገኘ፣ አንቱ ያውቁ ነበር አይደል? አባየ ነው እንዲህ ያሠራው፣ አይደል?» አለችኝ።

ሁለቱም አዩኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ልጆች፣ አንዱ የሌላውን እጅ እንደያዘ፣ አዩኝ።

«እሱ ነው» አልኩ። «አባታችሁ አርቆ አሳቢ ነበር።»

ተቀመጥኩ። ቄሱ መረቀ። ስለ ሠርጉ ወሬ ተጀመረ፤ አጎትየው ሙሽራውን ይዞ እንዲገባ ተወሰነ። እኔን ማንም አላየኝም። እትየ ጥሩነሽ ብቻ ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረች። «አያ ተገኘ» አለች፣ «ያ ሰማያዊ ክር እንዴት አይለቅም!» አለችና ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

አውቶቡስ ላይ እስከ ሮቫ ዳሌት ድረስ ስናደድ ሄድኩ። ሰውየው ምላስ ነበረው፣ ይሁን። ሰው ነበረው፣ ይሁን። ለቅሶው መንገድ ዘጋ፣ ይሁን። ስፌቴን ምን አድርጎት ነው የሚወስድብኝ? ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ለራሴ ብቻ ያስቀረኋትን አንዷን ነገር ከመቃብር እጁን ዘርግቶ ወሰዳት። የሚወረሰው የሞተ ሰው ነው ሲባል ነበር የማውቀው፤ እኔን ሙት ወረሰኝ!

አጠገቤ የተቀመጠች ወታደር ልጅ ለራሴ ሳወራ አይታኝ ፈገግ አለች። መሐረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ውስጥ ሰደድኩ። መሐረቡን አላገኘሁትም፤ ስፈታው ሳላስበው ጠቅልዬ የከተትኩት የጋቢው ስፌት ክር ነው እጄ ላይ የወጣው፤ ትንሽ ድቡልቡል። የብል መድኃኒት ይሸታል። ከቢያድግልኝ ውርስ ለእኔ የደረሰኝ ያ ክር ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያውኑ የእኔ ነበር።